የንግድ ትምህርት፦ ሰምን ለፎቶግራፍ ማጠናቀቂያ ስለ መጠቀም

አገራችን ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ አገሮች በግንባር ቀደምትነት የምትቈጠር መሆኗ ከነጋዴ የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ከጠጅ ሰፈፍ ተጣርቶ የሚገኘው ሰም በጥሬው ወደ ውጭም ይላካል። በአዳማ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ ያሉ ፎቶ ቤቶች ግን ከዚሁ ሰም በጥቂት ወጪ የሚጠቅም ቅባት ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

ሰምና ፎቶግራፍ የቆየ ዝምድና አላቸው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1851 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው አሠራር፥ የኔጋቲቩን ወረቀት በሰም እየነከረ ብርሃን የሚያሳልፍ ያደርገው ነበር። ዛሬም በስሱ የተቀባ ሰም የማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የታተመውን ጥቁር ቀለም ያጐላል፤ ከጣት እድፍና ከእርጥበትም በመጠኑ ይከላከላል።

አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው። በሚዛን አንድ እጅ ንጹሕ ሰም በፍል ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። ከዚያም ከእሳት ርቆ ሦስት እጅ አኳራጅ ይጨመርበትና እስኪበርድ ይማሰላል። አኳራጅ በቶሎ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ እሳት አጠገብ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። ቅባቱ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እጅግ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ በሌላ ጨርቅ ይወለወላል። ላስቲክ ለበስ በሆነው አብረቅራቂ ወረቀት ላይ ግን መስመር ያወጣል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ አስቀድሞ በተበላሸ ሥዕል ላይ መሞከር ይበጃል።

ሥዕሉን ከካርቶን ጋር ለማጣበቅ ግን ሰም አይታመንም። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። በመተሐራ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ሥዕል ከካርቶኑ ሊንሸራተት፥ ከላዩ ከተደረበውም ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በስንዴ ስታርች ሙጫ ተጣብቆ ይድረቅ፤ ሰሙ በመጨረሻ ይቀባ። ሰም ውሃን ስለሚገፋ፥ ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ሙጫው አይዝም።

ሰም ሻጭም ፓራፊን የተቀላቀለበትን እንደ ንጹሕ የንብ ሰም አድርጎ መሸጥ አይገባውም። ፎቶ ቤትም ደንበኛው ሌላ ቅጂ የሌለውን የወላጆቹን ሥዕል ይዞ ቢመጣ ሰም አይቀባው፤ አንዴ የገባውን ሰም ማውጣት አስቸጋሪ ነውና። እንዲህ ያለው ሥዕል አደራ ነው፤ ቅጂ አንሥቶ ቅጂውን መቀባት ሁለቱንም ወገን ከጸጸት ያድናል።