ቀለሙ ይቆይ፣ ወንድምዓለም

ና እስቲ ወንድምዓለም፣ ጓንትህን አውልቅና አድምጠኝ። አሮጌ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን (ስኖው ብሎወር) እየገዛህ፣ እያደስክ ልትሸጥ ማሰብህን ሰምቻለሁ፤ ደግ አስበሃል። ያለኸው ሚኒሶታ ነው። ሚንያፖሊስና ሴንት ፖል በአማካይ በዓመት 1 ሜትር ከ30 ገደማ በረዶ ይወርድባቸዋል። በ1991 በሃሎዊን ሰሞን የመጣው አንድ ማዕበል ብቻ ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 ድረስ ሚንያፖሊስ ላይ 72 ሳንቲ ሜትር አራግፏል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ።) እንዲህ ባለ አገር የሚሠራ ማሽን ገዢ አያጣም። ገዢው የሚያጣው የሚያምነውን ሻጭ ነው፤ አንተ እሱን ሁንለት።

በመጀመሪያ ጊዜህን እወቅ። በረዶ እየወረደ አትግዛ፤ ያን ሰሞን ዋጋው ሰማይ ነው። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ ማሽኑን መንገድ ዳር ያወጣዋል፣ አንዳንዱም «ውሰዱልኝ ብቻ» ይላል። ያኔ ሰብስብ። ሰመሩን ስትሠራ ከርመህ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው የበረዶ ትንበያ ሲሰማ አውጣው። ሣር ማጨጃው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በኦክቶበር ገዝተህ በኤፕሪል ትሸጠዋለህ። ሁለቱን ካፈራረቅህ እጅህ ሥራ አይፈታም።

ልትገዛ ስትሄድ የእጅ ባትሪ፣ የካንዴላ መፍቻና ጨርቅ ያዝ። ቀይ ወይም ብርቱካን ቀለም ባየህ ቁጥር ግን አትቅለጥ፣ የኔ ጌታ። የማስነሻውን ገመድ ቀስ አድርገህ ሳበው። አንዴ እየጠነከረ አንዴ እየላላ ከመጣ ፒስተኑ አየር እያመቀ ነው፤ ተስፋ አለው። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ተጣብቋል። ያለ ምንም ትግል ሙልጭ ብሎ ከመጣ ደግሞ ቫልቭ ተሰንቅሯል፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ቀጥለህ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ የካርቡራተሩ መርፌ አልዘጋ ብሎ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል፤ ጥገናው ቀላል ነው፣ ዘይቱን ሳትቀይር ግን እንዳታስነሳው። ዘይቱ ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል። ዘይት ጨርሶ ከሌለው፣ ሆድዬ፣ ባለቤቱን አመስግነህ ወደ ቤትህ ግባ። ላልተነሳ ማሽን ከ100 ዶላር በላይ አታውጣ፤ ሻጩ «ትናንት ይነሳ ነበር» ቢልህም።

ዕድሜውን ለማወቅ ባለቤቱን አትጠይቀው፤ አባቱ የገዙት ይሆናል። ሞተሩን ጠይቀው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ከሆነ ሽፋኑ ላይ ከታተመው ኮድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሩን፣ ከዚያ ያሉት ሁለቱ ቀኑን ይነግሩሃል። 780615 ብሎ የሚጀምር ጁን 15 ቀን 1978 የተሠራ ነው። ቴኩምሴ የሚባለው ሞተር ላይ የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ተከታዮቹ ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። 7105 ማለት 1977 ወይም 1987 ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የማሽኑን ሞዴል አይተህ ትለያለህ።

አሁን ጎንበስ በል። ብዙ ሰው ሞተሩን ብቻ አዳምጦ የሚከስረው ከፊት ያለውን ስለማያይ ነው። በረዶውን የሚሰበስበው ጠምዛዛ ብረት ዘንጉ ላይ የሚያዘው በተሰባሪ ቡሎን ነው። ድንጋይ ወይም የደረቀ በረዶ ሲያገኝ ቡሎኑ ይሰበርና ጠምዛዛው ቆሞ ዘንጉ ብቻውን በባዶ ይዞራል፤ በዚህ ውስጡ ያለው ውድ ካምቢዮ ይተርፋል። ሥራው መሰበር ነው። እንግዲህ ቡሎኑን አውጣና ጠምዛዛውን በእጅህ አዙረው። ዘንጉ ቆሞ ጠምዛዛው ብቻ ከዞረ ጤነኛ ነው። አብረው ከዞሩ ግን ዝገት አጣብቋቸዋል፤ ቡሎኑ ቢኖርም ባይኖርም ጥበቃ የለም ማለት ነው፣ ቀጥሎ የሚሰበረው የካምቢዮው ጥርስ ይሆናል። ይህን ለማላቀቅ ዝገት የሚሰብር ዘይት፣ ሙቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ቀብተህ አንድ ቀን ጠብቅ፣ እያዞርክ መታ መታ አድርገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ በትልቅ መዶሻ የተደበደበ ዘንግ ጠምሞ ቀርቷል። ሲላቀቅ ግራሶ ሞልተህ መልሰው። ደግሞ ቡሎኑ ሲሰበር ተናደህ ከሱቅ ጠንካራ ቡሎን ገዝተህ ብታስርበት እኔና አንተ እንጣላለን። ለማሽኑ የተሠራውን ለስላሳውን ነው የምታስረው፤ ሁለት ትርፍ ቡሎን ደግሞ ከማሽኑ ጋር ለገዢው ስጠው።

ከኋላ ያለውን ሽፋንም አንሳው። ጎማውን የሚነዳው የላስቲክ ቀለበት አልቆ ብረቱ እየፋቀ እንደሆነ፣ ቺንጋው መሰነጣጠቁን እይ። ሁለቱም ይቀየራሉ። የበረዶ መወርወሪያው ክንፍና ቤቱ መካከል ክፍተት ሰፍቶ ካየህ ክንፎቹ ጫፍ ላይ ወፍራም ላስቲክ በቡሎን እሰርበት፤ ውሃ የጠጣ ከባድ በረዶ በሚወጣበት አንገት ላይ መታነቁን በጣም ይቀንሳል። ከዚህ በርካሽ ማሽን የሚያሻሽል ሥራ አላውቅም።

የሞተሩን ነገር ልንገርህ። ኤርየንስ የተባለው ፋብሪካ ብሪልየን፣ ዊስኮንሲን ላይ በ1960 የመጀመሪያውን ስኖው ብሎወሩን ካወጣ ጊዜ ጀምሮ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች የተሸከሙት ቴኩምሴን ነው። ቴኩምሴ ግን በ2008 መጨረሻ ሞተር መሥራት አቁሟል። ካርቡራተርና ጓርኒሲዮን ዛሬም እንደልብ ነው፤ የውስጥ ዕቃ ግን እያደር ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ ውስጡ የተሰበረ ቴኩምሴ ስታገኝ ለዕቃው ብለህ ያዘው፤ ሌሎቹን ያድንልሃል። ብዙ ሰው አዲስ ርካሽ ሞተር ገዝቶ ይገጥማል፤ ጥሩ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን የአሮጌውን ዘንግ ቁጠር። አንዳንዶቹ ቴኩምሴዎች ሁለት ዘንግ አላቸው፤ አንዱ ጎማውን፣ ሌላው ጠምዛዛውን የሚነዳ፣ ሁለቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚዞሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለ አንድ ዘንግ ሞተር እንዲሁ አይገባለትም።

ካርቡራተሩ ላይ ጊዜ ውሰድ፣ አደራ። አብዛኛው «ሞተ» ተብሎ የተጣለ ማሽን ሞተሩ አልሞተም፤ ዓመት ሙሉ ውስጡ ያደረ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀጭን ቀዳዳ ዘግቶበታል። እዚያ አገር አብዛኛው ቤንዚን ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ሲቆይም አልሙኒየሙን ይበላል። ካርቡራተሩን አውርደህ የታችኛውን ሳህን የያዘውን ቡሎን በደንብ አስተውለው። በቴኩምሴ ላይ እሱ ቡሎን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት ነው፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ ትልቁ ይታይሃል፤ ሌላው ትንሹ ግን ይደበቃል፤ ሲደፈን ሞተሩን ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ የሚያሰኘው እሱ ነው። በቀጭን የመዳብ ሽቦ አጽዳው፣ ቀዳዳውን የሚያሰፋ ነገር ግን አትጠቀም። የሚስተካከል መርፌ ካለው ቀስ ብለህ እስኪነካ ዝጋውና አንድ ተኩል ዙር ክፈተው፤ ሲሞቅ ከዚያ ተነስተህ ታስተካክላለህ። በርካሽ የሚሸጠውን አዲስ ካርቡራተር ገዝቶ ከመቀየር የድሮውን ማጽዳት እመርጣለሁ፤ የድሮው መስተካከል ይችላል፣ አዲሱ ብዙ ጊዜ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ኢታኖል የሌለበትን ቤንዚን ብቻ ሙላበት። በሚኒሶታ ለትንንሽ ሞተር፣ ለጀልባና ለጥንት መኪና ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ፓምፑ ላይ ተጽፎበታል። ዘይቱ ለብርድ 5ደብልዩ30 ይሁን። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፤ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ ልኩም ይጠበቅ። ዘይት መሙያ ከሌለው ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ሞልተህ እንዳታቃጥለው።

ካንዴላው አዲስ ይሁን፣ ክፍተቱ 0.76 ሚሊ ሜትር። ብልጭታ ከጠፋ ቮላኖውና ቦቢናው መካከል አንድ የንግድ ካርድ አስገባና ርቀቱን በሱ ልክ አስተካክል፤ ዝገቱንም ፋቅ። ከዚህ ብዙ የሚያልፍ ጣጣ የለውም።

አሁን የምለውን ቆመህ ስማ፣ ነፍሴ። በረዶ ያነቀው አንገት ውስጥ እጅህን አታግባ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን። የታነቀው ክንፍ ቺንጋው የወጠረው ጉልበት ይዞ ይቆያልና በረዶው ሲላቀቅ ግማሽ ዙር ይሽከረከራል፤ ጣት ለመቁረጥ ይበቃዋል። ሁልጊዜ በእንጨት። እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ገዢ መጥረጊያ እንጨቱን ከማሽኑ ጋር አስሬ እሰጠዋለሁ። ስትጠግንም የካንዴላውን ገመድ ነቅለህ ራቅ አድርግ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ እጅህን ስትለቅ ጠምዛዛውን የሚያቆም ማንሻ የላቸውም፤ እንዲህ ያለውን ለሰብሳቢ ሽጥ እንጂ ልጆች ላሉት ቤት የሥራ ማሽን ነው ብለህ አትስጥ። ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ሞተር አታስነሳ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ከጋራዡ ጋር በተያያዘው ቤት ውስጥም ይገባል። እሳት ያለው የውሃ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ቤንዚን አትቅዳ። ፍሬን ማጽጃ የረጨህበትን ብረት አትበይድ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲግል ሳንባ የሚገድል ጋዝ ያወጣል።

ይሄን ሁሉ ስትጨርስ ነው ቀለም። ቀለሙ ከጥገናው በፊት ከመጣ ገዢው የሚያየው ሌላ፣ የሚገዛው ሌላ ይሆናል። ከ1978 በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ደረቁን አትፈግፍግ፣ አርጥበህ፣ ጭምብል አድርገህ፣ ልጆችን አርቀህ። የፋብሪካው ቀለምና ጽሑፍ ደህና ከሆነ ደግሞ አትንካው፤ አጥበህ በሰም አብሰው። አሮጌ ማሽን የሚሰበስቡ ሰዎች የሚከፍሉት ለዚያ ነው።

ለመሸጥ ስትደርስ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አታሙቀው። እንደቀዘቀዘ ያግኘው፣ ገመዱን ራሱ ይሳበው። በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ስትለጥፍ የቀየርከውን ዕቃ ዘርዝር፣ ያልጠገንከውንም ጻፍ፤ «ኤሌክትሪክ ማስነሻው አይሠራም፣ ገመዱ ግን ይሠራል» ማለት አያሳፍርም። ገንዘቡ እጅህ ሳይገባ ማሽኑን አታስጭን፤ ትርፍ ቼክ ጽፌ ልላክልህ፣ ልዩነቱን መልስልኝ የሚልህን ወዲያው ዝጋው። የገዛህበትንና የሸጥክበትን ደብተር ላይ አስፍር። በዓመት የተጣራ ትርፍህ 400 ዶላር ከደረሰ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ አለብህ፤ ሥራህ ካደረግኸውም የሚኒሶታ የሽያጭ ታክስ 6.875 በመቶ አለ፣ አሮጌ ዕቃም ቢሆን። ታክስ የሚሠራልህን ሰው ከወዲሁ ጠይቀው።

ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች በሆነ ቀን አንዱ ደንበኛህ «አልነሳ አለኝ» ብሎ ይደውላል። አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚኑን መክፈቻ ረስቶ ነው። ስልክህን አንሳለት፣ ወንድምዓለም፤ ካልሆነም ሂድለት።