በውጭ አገር የተማሪ ኑሮ
(የጀርመን አገር ምሳሌ)

ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር የማይመኝ ጥቂት ነው። ስለ ውጭ አገር ስንጨዋወት ግን ብዙ ጊዜ የምናነሣው የዩኒቨርሲቲውን ስምና የከተማውን ውበት ነው እንጂ፣ ተማሪው ጧት ተነሥቶ ማታ እስኪተኛ ድረስ እንዴት እንደሚኖር አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ስለ ዕለት ኑሮው ጥቂት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። አገሩ ሁሉ ልማዱ የተለያየ ስለሆነ ጀርመንን በምሳሌነት እንውሰድ።

በጀርመንና በኢትዮጵያ መካከል ያለው የትምህርት ግንኙነት የቆየ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ። በ1652ም ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋችን አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማሳተም የበቃው ከእርሳቸው ባገኘው ዕውቀት ነው። አባ ጎርጎርዮስን ግን የአገሩ መስፍን በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎ አስተናግዷቸው ነበር። የዛሬው ተማሪ እንዲህ ያለ አስተናጋጅ የለውም። በዚያ አገር እርሱ ራሱ ለራሱ አባት፣ እናትና ሞግዚት ሆኖ መኖር አለበት። የጽሑፌም ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው።

1ኛ/ ስለ ሰዓት

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው፤ እነርሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እስከ 24 ይቆጥራሉ። ስለዚህ የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በእነርሱ 14 ይባላል። «ሃልብ አኽት» የሚሉት አነጋገር ደግሞ ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት» ነው። ትርጉሙ ግን ስምንት ተኩል ሳይሆን ሰባት ተኩል ነው፤ ስምንት ለመሙላት ግማሽ ቀረው ማለታቸው ነውና። ይህን ያልተረዳ ሰው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። እሑድም፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። የእሑድ ዕረፍት በ1919 ሕገ መንግሥታቸው ተጽፎ እስከ ዛሬ የጸና ነው። ቅዳሜ ዳቦውን ያልገዛ ተማሪ እሑድ ሳይወድ ጿሚ ይሆናል።

2ኛ/ ስለ ፖስታ ሣጥን

በጀርመን አገር ቤት የተከራየ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ በከተማው መሥሪያ ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ የባንኩም፣ የመድን ድርጅቱም፣ የመንግሥቱም ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በደብዳቤ ይመጣል። ፖስተኛው ደብዳቤውን የሚጥለው በሣጥኑ ላይ ስሙን አይቶ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ችግር አለ። እኛ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው፤ እነርሱ ግን የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃሉ። ስለዚህ በፓስፖርት፣ በቤት ኪራይ ውልና በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ከመሥሪያ ቤት በተራ ፖስታ የተላከ ውሳኔ በተላከ በ4ኛው ቀን እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ሣጥኑን ለሳምንታት ሳይከፍት የሚቆይ ሰው ቀነ ገደቡ ሊያልፍበት ይችላል።

3ኛ/ ስለ ትምህርት

በብዙ ትምህርቶች ስም የሚጠራ መምህር የለም። ተማሪው ቢቀር የሚቆጣው፣ ቢመጣም የሚያመሰግነው አያገኝም፤ ሒሳቡ የሚታየው በፈተና ነው። የፈተናው ነጥብም የእኛ ተቃራኒ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ 4 ነው፤ በጀርመን ግን ከሁሉ የሚበልጠው 1 ሲሆን 4 ማለት ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የግዴታ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ያንኑ የትምህርት ዘርፍ መቀጠል አይችልም። የመኖሪያ ፈቃዱም የተሰጠው ለትምህርት ስለሆነ ይህ ትልቅ አደጋ ነው።

ያልገባውን የሚጠይቅ ተማሪ ግን አያፍርም። በዚህ ነገር አማርኛ ይረዳናል። ጀርመኖች ለጓደኛ «ዱ»፣ ለመምህርና ለማያውቁት ሰው «ዚ» ይላሉ፤ አንተና እርስዎ እንደማለት ነው። ሰውን በእርስዎታ ማክበር በቤታችን የተማርነው ነገር ነው።

4ኛ/ ስለ ገንዘብ

በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ነገር ግን ኑሮው በነፃ አይደለም። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ተማሪ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ እንዲያስቀምጥ ተደንግጓል። ከዚያም በየወሩ ሊያወጣ የሚችለው 992 ዩሮ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን ከዚሁ ይከፈላል። ሥራም ቢሆን ከማርች 2024 ወዲህ በዓመት ከ140 ሙሉ ቀን ወይም ከ280 ግማሽ ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ሒሳብ ልብ በሉልን። ከዚህች ገንዘብ ቆርሶ ወደ አገር ቤት እንዲልክ የሚጠበቅበት ልጅ ሌሊት ይሠራል፤ ሌሊት የሠራ ጧት ይተኛል፤ ጧት የተኛ ከትምህርቱ ይጎድላል። ያልደረሰ እሸት ቢሸመጥጡት አንጀት አይጠግብበትም።

5ኛ/ ስለ ብርድና ስለ ብቸኝነት

በዲሴምበር ወር በርሊን ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ብርሃኑ 8 ሰዓት አይሞላም። ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ ጎረቤትም እንደ ልብ አይገኝም፤ በዚያ አገር ለጥየቃም ቀጠሮ ይያዛልና። ብዙ ተማሪ ልቡ የሚዝለው በዚህ ወራት ነው። መድኃኒቱ ክፍል ዘግቶ መቀመጥ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ፣ «ሜንዛ» በሚሉት፣ ከሌሎች ጋር መብላት ነው። ጿሚም አይቸገርም፤ «ቬጋን» የሚል የተጻፈበት ምግብ ሥጋም ወተትም ቅቤም የለበትምና ከጾም ምግብ ይቆጠራል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ትጥቃችንን ከዚሁ እናጥብቅ። ምግብ ማብሰልን፣ ልብስ ማጠብን፣ ገንዘብን በወር ከፍሎ መያዝን፣ ተቆጣጣሪ ሳይኖር ማጥናትን እዚሁ እንልመድ። መምህሮቻችንም ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢያለማምዱን መልካም ነው። ወላጆቻችንም ልጃቸው ሲደውል «ምን ላክህ?» ከማለታቸው በፊት «ምን በላህ? እንዴት አደርህ?» ቢሉት፣ በዚያ በጨለማው ወር ከብዙ ዩሮ የሚበልጥ ስንቅ ይሆነዋል።