ስለ ሥነ ልቡና ትምህርትና ስለ ምርመራው መንገድ

የሰው ልብ ከዓይን የተሰወረ ነው። ነገር ግን ነፋስ ራሱ ሳይታይ ዛፉን ሲያወዛውዝ እንዲታወቅ፣ ልብም ከሥራው ይታወቃል። የሰውን አሳብ፣ ስሜትና ጠባይ በሥርዓት የሚመረምረው ዕውቀት ሥነ ልቡና ይባላል።

በጥንት ዘመን የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ ነፍስ መጽሐፍ ጽፏል። በሙከራ መመርመር የጸናው ግን በኋላ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ቪልሄልም ቩንት በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የምርመራ ቤት አቋቋመ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ኤቢንግሃውስ የተባለው ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉን እንደ ረሳ መዝግቦ አሳተመ። የተጠናው ነገር በመጀመሪያ ፈጥኖ፣ ኋላ ግን ቀስ እያለ እንደሚጠፋ፤ ክለሳውም በልዩ ልዩ ቀን ቢከፈል በአንድ ጊዜ ከመደጋገም እንደሚሻል አገኘ። በጉባኤ ቤት የትላንቱን ቃል ዛሬ ደግሞ ማስባል የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የምርመራው መንገድ በተለይ ሦስት ነው። አንደኛው ሳይቸኩሉ መመልከትና መጻፍ፤ ሁለተኛው ሰውየውንና የሚያውቁትን መጠየቅ፤ ሦስተኛው አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ ትቶ ውጤቱን ማስተያየት ነው።

መጠየቅ የሚሰጠው ጥቅም በአገራችን ታይቷል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 እስከ 2001 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በቡታጅራ አውራጃ መርማሪዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። አገሩን የሚያውቁ ሰዎችም ሕሙማኑን እንዲያመለክቱ ተደረገ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የሐኪም እርዳታ አላገኙም ነበር። መርማሪዎቹ ሐኪም ቤት ተቀምጠው ቢቈጥሩ ኖሮ እነዚህን ሁሉ ባላዩአቸው ነበር።

እንግዲህ የአቀስታና የመካነ ሰላም መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፣ በትምህርት ቤታችሁ ከኋላ ተቀምጦ ዝም የሚለውን ልጅ «ደንቈሮ ነው» ብላችሁ አትፍረዱበት። አስቀድማችሁ ተመልከቱት፤ ወላጆቹን፣ «ይሰማልን? ያያልን? ቍርስ በልቶ ይመጣልን? ሐዘን አግኝቶታልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም ወደ ፊት አስቀምጡት፤ ሌላውን ሁሉ ሳትለውጡ አንድ ሳምንት ጠብቁና የሆነውን ጻፉ። በችኮላ የተፈረደበት ልጅ ከትምህርት ቢወጣ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ በምርመራ የዘገየ ፍርድ ግን ማንንም አይጎዳም።