የዓይነ ስውሩ ልጅ ነጋሶ

ልጆች ሆይ፤ በአሜሪካ አገር ንጉሥ የለም። ሕዝቡ በየ4 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ይመርጣል፤ የተመረጠውም ሰው አገሩን ያስተዳድራል፥ ለጦሩም አዛዥ ይሆናል፤ ዘመኑም ሲፈጸም ወንበሩን ለተተኪው አስረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከነዚህ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ጆን ኵዊንሲ አዳምስ ይባል ነበር። አባቱም ቀደም ብሎ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ነበርና ከታላቅ ቤት የተወለደ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1825 እስከ 1829 ድረስ አገሩን አስተዳደረ፤ ሁለተኛ ለመመረጥ ቢወዳደር ግን ተሸነፈ። አዳምስ ከዚህ በኋላ በቤቱ አልተቀመጠም። የአንድ አውራጃ ሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠና በምክር ቤት ከሌሎቹ እንደራሴዎች ጋር በተራ ወንበር ተቀመጠ። በዚያም 17 ዓመት ቈይቶ፥ ባርነት እንዲጠፋ ሕዝቡ የሚጽፈው አቤቱታ በምክር ቤቱ እንዲሰማ ተሟገተ። በ1848 በዚያው አዳራሽ ሳለ ታሞ ወደቀ፤ ከ2 ቀንም በኋላ ከሕንጻው ሳይወጣ ሞተ።

ይህን ታሪክ የሰማ ተማሪ፥ «በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «አዎን፥ ነበረ» ተብሎ ይመለስለታል። እርሱ ግን እንደ አዳምስ የፕሬዚዳንት ልጅ አልነበረም፤ በልጅነቱ ምጽዋት ይለምን የነበረ የዓይነ ስውር ልጅ ነው እንጂ።

በወለጋ፥ በቄለም በኩል፥ ደምቢዶሎ የምትባል ከተማ አለች። ሰዮም ትባላለች፤ አገሩ ደጋና ወይና ደጋ፥ ቡናው የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሁሉ ፈጅቶ ካለፈ በኋላ፥ ከአሜሪካ የመጡ የሚሲዮን ሐኪሞችና መምህራን ወደዚህች ከተማ ገብተው የሕሙማን ቤትና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ጊዳዳ ሶለን የሚባል ሰው በሰዮ ነበረ። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ይዞት ሁለቱን ዓይኖቹን አጥፍቶበታል፤ እርሻ ማረስ፥ ከብት መጠበቅ ስላልቻለም ለምኖ ይበላ ነበር። ጊዳዳ ከሚሲዮኖቹ ዘንድ ቃሉን ሰማ፤ በዓይኑ ማንበብ ባይችልም በጆሮው እየሰማ በልቡ ያዘ፤ ከዚያም ወዲያ የሰማውን ለሌላው የሚናገር ሆነ። የጣሊያን ጦር አገሩን በያዘ ጊዜ ሚሲዮኖቹ ለቀው ሄዱ። ሥራው ግን አልቆመም፤ የአገሩ ሰዎች ያዙት። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ይህ ዓይነ ስውር ነበረ። በኋላም ቄስ ጊዳዳ ተብለው ሕዝቡ ሁሉ አከበራቸው። ትናንት በመንገድ ዳር እጁን የዘረጋ ሰው፥ ዛሬ ሌላው እጁን ይዞ ምከሩኝ የሚለው ሽማግሌ ሆነ።

ከኚህ አባት በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በጳጉሜን ወር፥ ነጋሶ ተወለደ። አባቱ የማያይለት ልጅ ቶሎ ይበስላል ይባላል፤ ለራሱም ለአባቱም ማየት ይገባዋልና። ነጋሶ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በትምህርቱ እየበረታ ሄዶ፥ አዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የተማረውም ታሪክ ነው። ከዚያ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በፍራንክፈርት ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ለዚህ ማዕርግ የጻፈው መጽሐፍ ስለ ናፖሊዮን ወይም ስለ ሌላ የሩቅ ንጉሥ አይደለም። ስለ ሰዮ ኦሮሞ፥ ማለት ስለ ተወለደበት ቀዬ ሕዝብ ታሪክ ነው፤ ከ1730 ገደማ እስከ 1886 ያለውን ዘመን ይተርካል። ብዙ ተማሪ ባሕር ሲሻገር የመንደሩን ስም እንኳ ይረሳል፤ ነጋሶ ግን መንደሩን ተሸክሞ ተሻገረ።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የደርግ መንግሥት ወደቀ። ዶክተር ነጋሶም ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ አስቀድሞ የሠራተኛና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር፥ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዚያን ጊዜ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ ነገር ግን ጋዜጠኞችም ይታሰሩ ነበር። ዶክተር ነጋሶ በዚያ መንግሥት ውስጥ ባለሥልጣን ነበሩና፥ ታሪካቸውን የሚተርክ ሰው ይህን መዝለል አይገባውም። አዲሱን ሕገ መንግሥት ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት የመሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን ጸደቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 16 ቀን ዶክተር ነጋሶ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ነገር ያስተውል። ፕሬዚዳንት የሚለው ስም በአሜሪካና በኢትዮጵያ አንድ ነው፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ አገሩን የሚያስተዳድረው ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን የማስተዳደሩ ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው፥ ከሦስት ሁለቱ እጅ ሲስማማ፥ ለ6 ዓመት ይመርጡታል። እርሱም የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ በመስከረም መጨረሻ ሳምንት በዕለተ ሰኞ ይከፍታል፤ የውጭ አገር አምባሳደሮችን ይቀበላል፤ ሽልማት ይሰጣል፤ ለእስረኞች ይቅርታ ያደርጋል፤ የወጡትን ሕጎች ይፈርማል። አልፈርምም ቢልስ? 15 ቀን ካለፈ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ በቤቱ መግቢያ ላይ እንደ ቆመ የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉ እጅ ይነሣዋል፥ የጓዳው ቍልፍ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

ዶክተር ነጋሶ በዚህ ወንበር 6 ዓመት ተቀመጡ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሆነ፤ ጦርነቱም ካለቀ በኋላ በገዥው ግንባር ውስጥ ጠብ ተነሣ። በ1993 ዓ.ም. መሪዎቹ ተከፋፈሉ፤ ዶክተር ነጋሶም በነገሩ አካሄድ አልተስማሙም፤ ስብሰባውን ጥለው ወጡ፤ ድርጅታቸው ኦሕዴድም አባረራቸው። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ የሚጐድልባቸው አልነበረም። ድርጅቱ ከአባልነት ቢያስወጣቸውም ፕሬዚዳንትነቱን የሰጡት ምክር ቤቶቹ ነበሩና፥ ዘመናቸው እስኪፈጸም ድረስ በቤተ መንግሥት ቈዩ። በ1994 ዓ.ም. መስከረም 28 ቀን ወንበሩን ለአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ።

በዚያው ወራት ስለ ፕሬዚዳንቱ አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 255 ወጣ። አዋጁ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ቤት፥ መኪና፥ ጠባቂ፥ ሕክምናና አበል እንዲሰጠው ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን ከፓርቲ ፖለቲካ ርቆ መቀመጥ አለበት ይል ነበር። ይህ ሕግ ፈጽሞ ምክንያት የሌለው አይደለም። የአገር አባት የተባለ ሰው ለአንዱ ወገን ቢከራከር ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቃላቸውም ለጆሮ ደስ ይላል። ሆኖም አንደበቱን ለመጠበቅ ቤት የተሰጠው ሰው፥ ቤቱን የሚከፍለው በዝምታው መሆኑን ማሰብ ይገባል። ሕጉስ በወጣ ጊዜ ከዶክተር ነጋሶ በቀር ሌላ ከዚያ ወንበር የወረደ ማን ነበረ?

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ለ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን የምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ፥ ዶክተር ነጋሶ ምርጫቸውን አደረጉ። በአንድ በኩል የተደላደለ ቤት፥ ነዳጁ የሚሞላ መኪና፥ ሲታመሙ የሚያክም ሐኪም አለ፤ ዕድሜያቸውም ከ60 አልፎአል፥ ጤናቸውም የሚያስመካ አልነበረም። በሌላው በኩል በደምቢዶሎ ያለ አንድ የእንደራሴ ወንበር አለ፤ የሚደግፋቸው ፓርቲ የለም። እርሳቸው የደምቢዶሎውን መረጡ። በግል ተወዳድረው አባታቸው የለመኑበትና የሰበኩበት አገር ሕዝብ ድምፁን ሰጣቸው፤ አሸነፉም። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው ከ547ቱ እንደራሴዎች አንዱ ሆነው ገቡ።

አዋጁም ተፈጸመባቸው። አበሉ ቀረ፥ መኪናው ተወሰደ፥ ጠባቂውና ሕክምናው ተቋረጠ፤ ከሚኖሩበትም ቤት እንዲለቁ ታዘዙ።

ከአቃቂ ወይም ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ሚኒባሱ ሲመጣ ይጋፋል፤ ከፋብሪካ ሠራተኛውና ቅርጫት ከያዘችው ነጋዴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ይቀመጣል፤ ለረዳቱም ሳንቲሙን ቈጥሮ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ የአቃቂ ልጅ የለም። ዶክተር ነጋሶም በአዲስ አበባ እንዲሁ ሆነው በታክሲ ይሄዱ ነበር፤ ታክሲ ሲያጡም በእግራቸው። ትናንት የፊተኛውና የኋለኛው መኪና አጅቦአቸው፥ መንገድ ተዘግቶላቸው ይሄዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ያዩአቸውም አንዳንዶች አዘኑ፥ አንዳንዶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ከንፈር መምጠጥ ግን ሁልጊዜ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም፤ አንድ ሰው የተቀማውንና ራሱ ያስቀመጠውን መለየት ያሻል። ቤቱንና መኪናውን መንግሥት ወሰደባቸው፤ ይህ እንደሚሆን ግን አውቀው ነው የተነሡት።

አምስቱ ዓመት ሳይፈጸም ሌላ እርምጃ ወሰዱ። በዚያን ጊዜ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ የሚባል ፓርቲ ነበረ፤ ሊቀ መንበሩ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ወይዘሪት ብርቱካን ቀድሞ ዳኛ የነበሩ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ተይዘው በቃሊቲ ወህኒ ቤት ታሰሩ፤ እስከ 2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም አልተፈቱም። ዶክተር ነጋሶ ወደዚህ ፓርቲ የገቡት መሪው በቃሊቲ እስር ቤት ሳሉ ነው። በደኅና ቀን ከብዙ ሰው ጋር መሰለፍ ለማንም ይቀላል፤ መሪው በታሰረበት ማኅበር ስሙን የሚያጽፍ ሰው ግን ነገ የሚያገኘውን ሹመት አስቦ ነው ለማለት አይቻልም። በኋላም ፓርቲውን እርሳቸው ራሳቸው በሊቀ መንበርነት መርተው፥ በ2006 ዓ.ም. ለሌላው አስረከቡ። በዚህ ሁሉ ዘመን የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ ከወዳጆቻቸውም ጋር የሚከራከሩበት ጊዜ ነበረ። በተለይም ያ ሕገ መንግሥት በእርሳቸው ሰብሳቢነት የጸደቀ ስለሆነ፥ አንዱ ይህን አንሥቶ ይወቅሳቸው፥ ሌላው ስለዚሁ ያመሰግናቸው ነበር።

ታሪክን የሚያነብ ሰው አዳምስንና ነጋሶን ጐን ለጐን ሲያስቀምጥ ልዩነቱን ይይ። አዳምስ ወደ ምክር ቤት ሲመለስ ቤቱን የነሣው ሕግ አልነበረም፤ ባለጠጋ ባይሆንም የአባቱ ቤትና መጻሕፍት ነበሩት። ነጋሶ ግን የሚመለሱበት ርስት አልነበራቸውም። ከአባታቸው የወረሱት በሰዮ የተወደደ ስም ነው፤ በምርጫውም ቀን ይህ ስም አልጐዳቸውም።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ለሕክምና ወደ ጀርመን ሄደው ሳሉ በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ 19 ቀን ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 75 ነበር። ሥጋቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በክብር ሽኝት ተደረገለት፤ በአዲስ አበባም በጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ተቀበረ።