ትምህርት 14፦ መበደርና መበዳደር

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተደራራጊ ግሥ እንዴት እንደሚመሠረትና በዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን ዓይነት ባለቤት እንደሚፈልግ መረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ነገሮችን እያነጻጸሩ ሐተታዊ ድርሰት መጻፍን መለማመድ ነው። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም «አበደረ»፣ «ተበደረ»፣ «ተበዳደሩ» የሚሉት ግሦች የት የት እንደገቡ አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴና ገብስ በብዛት የሚመረትበት ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ መቀመጫውን በዚህችው ከተማ አድርጎ ሥራውን ጀመረ። ድርጅቱ ካከናወናቸው ተግባሮች አንዱ ለአነስተኛ ገበሬዎች የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር መስጠት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተበደሩት ገበሬዎች ከ200 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ሆነ። አብዛኞቹም ዕዳቸውን በጊዜው ከፈሉ። ድኻ ገበሬ ብድር አይመልስም የሚለው አስተያየት መሠረት የሌለው መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይሁን እንጂ በብድሩ አሰጣጥ ላይ አንድ ከባድ እንቅፋት ነበር። ጢሰኛው ለመበደር የባለመሬቱን ፊርማ ማቅረብ ነበረበት። ባለመሬቱ አልፈርምም ካለ ጢሰኛው ማዳበሪያ አያገኝም። ከዚህም በላይ አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን ከፍ ባደረጉት ጊዜ፣ ብዙ ባለመሬቶች እርሻቸውን በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጢሰኞች ሲያርሱት ከኖሩት መሬት ተፈናቀሉ። ዕዳን በታማኝነት መክፈል ከመፈናቀል አላዳናቸውም። ጢሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ከተነገረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ካዱ አበደረ፤ ገበሬው ተበደረ። የብድሩ ምንጭም፣ ደንቡም፣ የዋስትናው ሥልጣንም ከተበዳሪው እጅ ውጭ ነበሩ።

ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ ጀርመናዊ የገጠር ሹም፣ ገበሬዎች ከአራጣ አበዳሪዎች እጅ የሚወጡበትን ዘዴ ሲፈልግ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ በምትባል ስፍራ የብድር ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ መሠረተ ሐሳብ አባላቱ ራሳቸው እንዲቆጥቡ፣ ከቆጠቡትም እንዲበደሩና አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን ነው። ይህ ሐሳብ ከአገር ወደ አገር ተዛመተ። በጋና አገር ጂራፓ በተባለች ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1955 የቁጠባና ብድር ማኅበር ተመሠረተ። በአገራችንም የመጀመሪያውን የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ደመወዝተኞች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች መምህራን የየራሳቸው የቁጠባና ብድር ማኅበር አላቸው። እነዚህ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ አቋም አግኝተዋል።

ይህ አሠራር ለመምህራን የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። መምህር የወር ደመወዝ እንጂ ለባንክ የሚያስይዘው ቤት ብዙውን ጊዜ የለውም። በአንጻሩ ደመወዙ በየወሩ የታወቀ ነው፤ ባልደረቦቹም ጠባዩን ያውቃሉ።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አሰላ ውስጥ 40 መምህራን በየወሩ ከደመወዛቸው 250 ብር ቆጠቡ እንበል። ገንዘባቸው በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ከመካከላቸው የአንዲቱ ልጅ ታመመና 10,000 ብር አስፈለጋት። ከአራጣ አበዳሪ በወር ዐሥር በመቶ ወለድ ብትበደር፣ በዓመት 12,000 ብር ወለድ ከፍላ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀራል። ከማኅበሩ በዓመት ዐሥር በመቶ ብትበደር ግን የዓመቱ ወለድ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ከዚህም ላይ ማኅበሩ ካተረፈው ለአባላቱ ሲያከፋፍል፣ እሷም ድርሻዋን ታገኛለች።

ነገር ግን ገንዘቡ በከንቱ እምነት አይሰጥም። ሁለት ባልደረቦቿ ዋስ ሆነው ይፈርማሉ። እሷ ሳትከፍል ብትቀር ዕዳው ከእነሱ ደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ ዋሱ የሚፈርመው በገዛ ልጆቹ እንጀራ ላይ ነው። አንድ ተበዳሪ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ዕዳውን ቢረሳ፣ ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ የሚጎዳው ነገር ከዚያ በኋላ ለሌላው ለመፈረም የሚደፍር መታጣቱ ነው። የጢሰኛው ዋስ ከእሱ በላይ የሆነ ባለመሬት ነበር፤ የመምህርቷ ዋሶች ግን እኩዮቿ ናቸው። ነገ እነሱ ሲቸግራቸው የምትፈርምላቸው እሷ ናት። እነዚህ መምህራን ተበዳደሩ ይባላል።

ለ. የሰዋስው ማብራሪያ

የአማርኛ ግሥ አምስት አዕማድ እንዳሉት ባለፈው ትምህርት አይታችኋል። እነሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። በምንባቡ ውስጥ ያለው ግሥ በአምስቱ እንዲህ ይገባል፦

አድራጊ፦ ማኅበሩ ለመምህርቷ አበደረ።
ተደራጊ፦ መምህርቷ ተበደረች።
አስደራጊ፦ ጸሐፊው ገንዘብ ያዡን አስበደረ።
ተደራራጊ፦ መምህራኑ ተበዳደሩ።
አደራራጊ፦ ኮሚቴው አባላቱን አበዳደረ።

ተደራራጊው የሚመሠረተው መካከለኛው ፊደል ተደግሞ፣ የመጀመሪያው ድግም ራብዕ ሲሆን ነው። ነገረ፣ ተነጋገረ፤ ደገፈ፣ ተደጋገፈ ይላል። አንዳንድ ግሥ ግን ፊደል ሳይደግም የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ራብዕ ያደርጋል፤ ለምሳሌ ከፈለ፣ ተካፈለ።

ተደራራጊ ግሥ ብቻውን የቆመ ነጠላ ባለቤት አይቀበልም። «መምህርቷ ተበዳደረች» ቢባል ዐረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። «መምህርቷ ከባልደረቦቿ ጋር ተበዳደረች» ሲባል ግን ይሞላል። ከዚህም በላይ «ብድር» የሚለው ስም የውለታን ትርጉም እንደሚይዝ ልብ በሉ። ሰው በጎ ነገር ሲደረግለት «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ይላል።

ሐ. የድርሰት ማብራሪያ

በማነጻጸር የሚጻፍ ሐተታ አንድ የጋራ መለኪያ ያስፈልገዋል። ከላይ ባለው ምንባብ የካዱ ብድርና የመምህራኑ ብድር የተነጻጸሩት «ዋሱ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። መለኪያው ከጠፋ ድርሰቱ የሁለት ነገሮች ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት መለኪያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ በፊታችሁ አኑሩ።

መ. መልመጃ

1. ከሚከተሉት ግሦች ተደራራጊ መሥርታችሁ፣ በእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ ረዳ፣ ጠየቀ፣ መከረ፣ ለመደ።

2. ጢሰኛው ዕዳውን በጊዜው እየከፈለ ከመሬቱ የተፈናቀለበትን ምክንያት ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

3. ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌዎች ስለ ዕቁብ አሠራር ጠይቁ። ከዚያም ዕቁብን ከቁጠባና ብድር ማኅበር ጋር በማነጻጸር፣ አራት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ገንዘቡ ለማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደሚሰጥ መለኪያ አድርጉት።

4. አንድ ጓደኛችሁ ዋስ ሁኑኝ ብሎ ቢለምናችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቁታላችሁ? መልሳችሁን በደብዳቤ መልክ አዘጋጁ። እምቢ የምትሉም ብትሆኑ ምክንያታችሁን ጓደኛችሁን በማያስቀይም አነጋገር ግለጹ።