የቤታችን ድመት ለምን አመፀ?

ይህን በመሰለ ገጽ ላይ ስለ ድመት ለመጻፍ ብዕር ማንሳቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። «ሌላ ችግር አጥተን ነው?» የሚል እንደሚኖርም አልጠራጠርም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት ከግቢ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም የገባን ቤተሰቦች ብዙ ነን። አብረውን ፎቅ የወጡት ድመቶችም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በእኔ ቤት የደረሰው በሌላውም ቤት እየደረሰ ይሆናል ብዬ ስለምገምት የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

ነብሮ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ልጆቼ ሲሆኑ፣ ምክንያታቸው ዥጉርጉር ጀርባው ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ በነበረው የድሮ ግቢያችን የተወለደና እዚያው ያደገ ወንድ ድመት ነው። ቀን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ማታ አይጥ ያድናል፤ ለሽንቱ አጥር ሥር ያለውን ልል አፈር ይጭርና ሲጨርስ ይቀብራል። በ5 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቤት አበላሽቶ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተን ስንገባ ልጆቹ አልቅሰው ይዘነው መጣን። በሩን ዘጋንበት። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሶፋ ሥር ተሸሽጎ ከረመ። በሁለተኛው ሌሊቱን ሙሉ በር እየቧጨረ ይጮህ ጀመር። ከዚያ የሶፋውን ጨርቅ ተለተለው። የ6 ዓመቱን ልጄን ሲያጫውተው እጁን ነከሰው። በመጨረሻም የማይታለፈውን አደረገ። ለሱብሒ ሶላት ተነስቼ መስገጃዬ ላይ ስቆም እግሬን ቀዘቀዘኝ። ባሸትተው ሽንት ነው። በማግስቱ የባለቤቴን፣ በሦስተኛው ቀን የእናቴን መስገጃ እንዲሁ አደረገው።

እናቴ «ልጄ፣ ይህ ቂም ይዟል። ከሰፈሩ ስላወጣችሁት ብድሩን እየመለሰ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ወይ እሱ ወይ እኛ» አለች። እኔም አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ደፈቅሁት፤ በነጠላ ጫማ መታሁት፤ በረንዳ ላይ አውጥቼ በብርድ አሳደርሁት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ኮቴዬን ሲሰማ መሸሽ ብቻ ተማረ። በኋላ እንደተረዳሁት ድመት ከሰዓታት በፊት ያደረገውን ነገር አሁን ከሚወርድበት ዱላ ጋር አያገናኝም። የሚያገናኘው ዱላውን ከያዘው ሰው ጋር ነው።

አንድ ጎረቤቴ ታዲያ ብዙዎቻችን የምናውቀውን መፍትሔ ነገረኝ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሩቅ ገበያ ወስዶ መልቀቅ። ከረጢቱን አዘጋጅቼ ከበሩ ጀርባ አስቀመጥሁት። በዚያው ምሽት የ9 ዓመቷ ልጄ መጥታ፣ «አባዬ፣ ነብሮ ሽንት እምቢ ብሎታል። ይቀመጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣውም» አለችኝ። ሄጄ ሳየው ወለሉ ላይ ተኮራምቶ ያምጣል። የወጣው ደም የቀላቀለ ጠብታ ብቻ ነበር። «ግማሽ ፓራሲታሞል ስጠው» ያለኝም ሰው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ አልሰጠሁትም። ለእኛ የራስ ምታት ማስታገሻ የሆነው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ ስለማይችል ጥቂቱም ይገድለዋል።

በነጋታው ለገበያ ያዘጋጀሁትን ከረጢት ትቼ በካርቶን ይዤው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና ፊቱን አኮሳተረ። የሽንት ቧንቧው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። የወንድ ድመት ቧንቧ እጅግ ቀጭን በመሆኑ በቶሎ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሽንቱ ሰውነቱን መርዞት በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አወጣለትና መድኃኒት ሰጠው። ከዚያ ያላሰብሁትን ጠየቀኝ፤ «በቅርቡ ቤት ቀይራችኋል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድመት በሚያውቀው ሥፍራ፣ በሚያውቀው ሽታና በለመደው ሰዓት የሚኖር እንስሳ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲናድበትና መሸሻ ሲያጣ ጭንቀቱ ፊኛው ላይ ይወጣል። ያለ ምንም ተሕዋስ ፊኛው ይቆስላል። ሽንቱ ሲያመው ደግሞ ሕመሙን ከሚሸናበት ቦታ ጋር ያያይዘዋል። ያንን ቦታ ሸሽቶ ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። በቤታችን ጸጥ ባለ ጥግ ከተዘረጋው መስገጃ የበለጠ ለስላሳ ምን ነበር? እናቴ ቂም ያለችው፣ እኔ ድፍረት ያልሁት ነገር ሕመም ኖሯል።

ከክሊኒኩ ስመለስ በልጅነቴ መድረሳ የተማርሁትን ሐዲስ እያብሰለሰልሁ ነበር። ኢብኑ ዑመርና አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ስለዚያች ሴት ነው። ሁላችንም «ድመት ስላስራበች የተቀጣች ሴት» እያልን እናስታውሳታለን። አስተውለን ከሆነ ግን የጥፋቷ መነሻ ማሰሯ ነው። አላበላቻትም፤ የምድር ነፍሳት አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ልቅ ብትሆን ኖሮ ራሷን ትችል ነበር። በሩን የዘጋው ሰው ግን ድመቷ ውጭ ታገኘው የነበረውን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዷል። እኔም 4ኛ ፎቅ ላይ በር ስዘጋ ለነብሮ አጥሩን፣ ልሉን አፈር፣ ጣሪያውን፣ አደኑን ሁሉ ዕዳ ገብቻለሁ። ያሰብሁት ግን ስለ ምግቡ ብቻ ነበር።

ካይሮ ውስጥ የነገሠው ሱልጣን ዟሂር በይበርስ (በ1277 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሞተው) ለከተማዋ ባለቤት አልባ ድመቶች መቀለቢያ አንድ አትክልት ቦታ ወቅፍ አድርጎ እንደነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን በየቀኑ ለድመቶች ሥጋ ይከፋፈል እንደነበር ጽፏል። እኔ ለአንዲት ሳፋ አሸዋ ሰነፍሁ።

አዎ፣ ለአሸዋ። ስንገባ ያዘጋጀንለት አመድ የተጨመረባት ትንሽ ካርቶን ስትሆን፣ ያስቀመጥናትም መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር። በሩ ደግሞ ግማሹን ቀን ዝግ ነው። አሁን ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ገዝተን አሸዋ ሞላንበት፤ ከምግቡ ርቆ ሰው በማይመላለስበት ጥግ አኖርነው። ሁለተኛም ጨመርን፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት በድመቶቹ ቁጥር ልክ አድርጎ አንድ መጨመርን ነውና። በየቀኑ እንጠርገዋለን። ይህ ለእኛም ይበጃል። ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ ሰው ላይ ለመጋባት ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ መቆየት ስላለበት ቶሎ የጠረገ ይቀድመዋል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን ጠራጊው ሌላ ሰው ይሁን።

መስገጃን በተመለከተ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብን ነበር። የድመት ምራቅና የድመት ሽንት አንድ አይደሉም። ሰሐባው አቡ ቀታዳ ለዉዱእ ካዘጋጁት ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አድርገውላት፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ለልጃቸው ሚስት ነግረዋታል። ሽንቷ ግን ነጃሳ ነውና ልብሱም መስገጃውም በውኃ መታጠብ አለበት። ባለቤቴ በረኪና ታፈስበት ነበር። ይህ ስህተት ነው። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በውኃ በደንብ ካጠብን በኋላ በቀጠነ ኮምጣጤ እናሸዋለን፤ የድመት አፍንጫ ከእኛ እጅግ የሰላ ስለሆነ ሽታው ከቀረ ተመልሶ ይመጣልና። መስገጃም ከሶላት በኋላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ለጥፍሩ አንድ አጣና በቃጫ ገመድ ጠምጥሜ ሶፋው አጠገብ አቆምሁለት። ሶፋውን በሳምንት ውስጥ ተወው። በመስኮቱ አጠገብ ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠራሁለት፤ በረንዳውንም እንዳይወድቅ በወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ድመት የሚነቃቃው ሲነጋጋና ሲመሻሽ በመሆኑ ከመኝታ በፊት ልጆቹ በበትር ጫፍ ያሰሩትን ጨርቅ ያሯሩጡታል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይተኛል። በባዶ እጅ ማጫወት ግን ክልክል ሆኗል፤ ንክሻውን ያስተማርነው እኛው ነንና። የልጄን ንክሻ አቃልዬ ማለፌም ሌላ ጥፋት ነበር። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በምግቡ በኩል ወጥ የነካው እንጀራ መስጠት አቆምን፤ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል። ጨው የሌለው የሥጋ መረቅ ጨምረን ብዙ ውኃ እንዲጠጣ እናደርጋለን፤ ለፊኛው ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው። ሐኪሙ እንዲኮላሽም መክሮን ነበር። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ጅራቱን ቀስሮ ግድግዳ ላይ ሽንት የመርጨት ጠባይ አለው፤ አብዛኞቹ ከተኮላሹ በኋላ ይተዉታል። በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ኢማማችንን ጠየቅሁ። ጥቅም ካለውና እንስሳውን የማይጎዳው ከሆነ የሚፈቅዱት መኖራቸውን ነግረውኝ፣ በማደንዘዣ መሆኑንም አረጋግጬ አስኮላሸሁት።

ሙሉ በሙሉ ለመረጋጋት ወደ 3 ወር ፈጅቶበታል። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልም፤ እንግዳ ሲበዛ አሁንም ሶፋ ሥር ይገባል። ባለፈው ዒድ ቤቱ በሰው ሲጨናነቅ ኮሪደሩ ላይ ሸና። ቁጣዬ መጣና ድምፄን ልነሳ ስል፣ በዚያን ጊዜ «ወይ እሱ ወይ እኛ» ያለችው ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «መጀመሪያ ሳፋውን እየው» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። በበዓሉ ግርግር ለ3 ቀን የጠረገው ሰው አልነበረም።