የአትላንታ ሰመር፦ ጎርፉ ይብሳል ወይስ ሙቀቱ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው። ሰመር ላይ አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ መንገዱን ይሞላዋል፤ በማግስቱ ሙቀቱ ያፍናል። የትኛውን አብልጬ ልፍራ?

መልስ፦ ሙቀቱን። በአሜሪካ በአማካይ ሲታይ በየዓመቱ ሙቀት የሚገድለው ሰው ጎርፍ ከሚገድለው ይበልጣል። «ከአፍሪካ የመጣ ሰው ሙቀት ምን ያደርገዋል?» የሚሉ አሉ፤ አባባሉ ግን ለደጋ ሰው አይሠራም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። አትላንታ ግን 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው እርጥብ አየርም ላብ ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ላብ ካልተነነ ሰውነት አይበርድም። አስፋልቱና ሕንፃው ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ማታ ስለሚለቁት ሌሊቱም እረፍት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 ከተማዋ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳለች። የመብራት ሂሳብ አስፈርቷችሁ ኤሲ የምታጠፉ፣ ቢያንስ ከሰዓት በኋላውን ቤተ መጻሕፍት ወይም የገበያ ማዕከል አሳልፉ፤ የክፍሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲሌተር ብቻውን አያድንም።

«የእ.ኤ.አ. 2009 ጎርፍስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ጆርጂያ ውስጥ 10 ሰዎች ሞተዋል። ነገር ግን ከጎርፍ ማምለጫው ቀላል ነው፦ ውሃ በሸፈነው መንገድ አለመንዳት። 60 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ደመና ሲጠቁር መግዛት አይጠቅምም። ሙቀት በበረታበት ቀን ግን ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ጠዋትም ማታም ደውሉላቸው።